ሻሼን ማን ይፍታው

ማክሰኞ ጠዋት ጊዮርጊስን ተሳልሜ ወደ ፒያሳ ስወርድ የጉሎ ዘይት ሸተተኝ። ከፊቴ ሁለት ወጣት ሴቶች እየተሳሳቁ ይሄዳሉ። አንደኛዋ ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ አውጥታ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችና ለጓደኛዋ አሸተተቻት። «ናቹራል ነው እኮ፣ ምንም አልተቀላቀለበትም» ትላታለች። ጓደኛዋ አፍንጫዋን ይዛ «ውይ! የአያቴን ሳጥን ይሸታል» አለቻት። እነሱ ስቀው አለፉ፤ የእኔ እግር ግን እዚያው ቀረ። ያ ሽታ ለሌላ ሰው የተቆላ ፍሬ ሽታ ነው። ለእኔ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽታ ነው፤ የተዘጋ መስኮት፣ የባሌ ጣቶች ሽታ ነው። አንድ መንገደኛ «እማማ፣ አሞዎት ነው?» ብሎ ክንዴን ሲይዘኝ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት። «ደህና ነኝ ልጄ፣ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» አልኩት። ዓመት ሙሉ ዘይት ያልነካው ራሴ በጥቁሩ ሻሽ ስር ይጠዘጥዘኝ ጀምሮ ነበር።

ባለቤቴ ታደሰ ካረፈ የፊታችን ቅዳሜ ዓመት ይሞላዋል። በእኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ዓመት እስኪሞላ ፀጉሯን ቅባት አታስነካም። ዓመቱ ሲሞላ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰብና ጥቁሯን አስወልቆ ነጭ ያለብሳታል፤ ሻሿ ይፈታና ፀጉሯ ቅቤ ይነካል። በባሌ ወገን ደግሞ ሻሹን ፈትታ ቅቤውን የምታስነካው የባል እህት ናት። ታደሰ አንድ እህት ብቻ ነው ያለችው፤ አስካለ። እኛ ልጅ አልወለድንም፤ የእኔም ወገኖች አንድ በአንድ ሄደዋል። በዚህ ዓለም የኔ የምላት ሰው ብትኖር እሷ ብቻ ናት። እሷም በአርባው ዕለት፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ዓይን ዓይኔን እያየች «ሙሽራዬ» አለችኝ። ሙሽራ ሆኜ ቤታቸው ከገባሁበት ጊዜ ጀምሮ በሌላ ስም ጠርታኝ አታውቅም። «ሙሽራዬ፣ በዓመቱ ሻሽሽን የምፈታው እኔ ነኝ። ያኔ እንኳ ምክንያት የለሽም።»

አስካለ የፀጉር ሰው ናት። ፒያሳ ላይ ፀጉር ቤት ከፍታ ስንቱን ሙሽራ ሠርታ ድራለች። የእኔን ራስ ግን አንድ ቀን እንኳ ነክታው አታውቅም፤ ከልክያት ኖሬያለሁ። ለምን እንደከለከልኳት ከእኔ ሌላ የሚያውቀው ታደሰ ብቻ ነበር። አናቴ ላይ ፀጉር የማያበቅል ጠባሳ አለ፤ የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ይሆናል። እሷ ናት ያቃጠለችኝ፤ ማቃጠሏን ግን አታውቅም። ቅዳሜ ሻሼ ከተፈታ ታውቃለች። አላስፈታም ካልኩ ደግሞ በሰው ፊት የባሌን እህት እጅ ገፋሁ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደጄን አትረግጥም። ይህን የምጽፈው ሐሙስ ቀን ነው። ምን እንደማደርግ አላውቅም። ብዕር ከያዝኩ ቆይቻለሁ፤ አንድ መስመር ጽፌ ብዙ አርፋለሁ።

ሙሽራ በነበርኩበት ያን ጊዜ ፒያሳ ሌላ ነበረች። ወንዱም ሴቱም ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ከታች የሰፋ ሱሪ ለብሶ፣ አስፋልቱን በሱሪው ጫፍ እየጠረገ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ሙዚቃ ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን ደጅ አውጥተው አንዱ የሌላውን ዘፈን ለመዋጥ ይፎካከራሉ። እንግዳ ሰው በሁለት ዘፈን መካከል ቆሞ የትኛውን እንደሚሰማ ግራ ይገባዋል። ማኪያቶ በስሙኒ ይጠጣል፤ ባንኮኒው ላይ ክርንን አስደግፎ መቆም ራሱ እንደ ሥራ የሚቆጠርላቸው ጎረምሶች ነበሩ። ዛሬ በዚያ ሳልፍ ግማሹ ፈርሶ ሜዳ ሆኗል፤ ግማሹ መስታወት ለብሷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ አበባ ተተክሎበታል፣ መብራቱም ያምራል። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ በሽታ ብሄድ አሁንም አልጠፋም፤ እዚህ ጋ የኬክ ቤቱ ቫኒላ፣ እዚህ ጋ የወርቅ ቤቶቹ አሲድ፣ ወደ ታች ወደ አትክልት ተራ ሲወረድ የሽንኩርትና የበሰበሰ ጎመን፣ ከዚያ ደግሞ የአማቴ ቅቤ።

አማቴ እማማ ብርቄ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ከጉራጌ አገር በኮባ ተጠቅልሎ የሚመጣውን ቅቤ አትክልት ተራ አጠገብ ይሸጣሉ። ቤታቸው ሠራተኛ ሰፈር ነው፤ ግድግዳው ሳይቀር ወዝ ነበረው። የእኔ ፀጉር ያኔ ወገቤ ጋ ይደርሳል። ገና በገባሁ በሳምንቱ ዓርብ ቀን አስቀመጡኝና ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋር ለውሰው እንደ ቆብ አናቴ ላይ ደፉብኝ። «ይህን የመሰለ ፀጉር በደረቁ? የቅቤ ነጋዴ ምራት ናት ብሎ ማን ያምናታል!» አሉ። ቅቤው በፀሐይ እየቀለጠ በጆሮዬ ሥር ሲወርድ ደስ አለኝ፤ ሰው ቤት ገብቼ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

አስካለ ደግሞ ቅቤ ጠላት ነበር። ከእኔ በትንሽ ታንሳለች፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ ምላሷ የፒያሳ ምላጭ። እናትየው ገበያ እንድትውል ይፈልጋሉ፤ እሷ ግን ማዳም እንላት የነበረች አንዲት ግሪካዊት ፀጉር ቤት ለመቀጠር ስትሞት ነበር። ያን ሰሞን ማዳም ነግራታለች፤ «ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት በራስሽ እጅ የሠራሽውን አንድ ራስ አምጪ። ጥሩ ከሆነ ትቀጠሪያለሽ። ካልሆነ እናትሽ ጋ ቅቤ ሽጪ።» ቅዳሜ ጠዋት እማማ ብርቄ ገበያ እንደወጡ አስካለ እግሬ ሥር ቁጢጥ አለች።

«ሙሽራዬ፣ ራስሽን አበድሪኝ።»

«ራስ ደግሞ ይበደራል እንዴ?»

«ለጥቂት ሰዓት ነዋ! በማርያም፣ ሳይጎድል እመልስልሻለሁ።»

«ትናንት ቅቤ ተቀብቻለሁ እኮ። እማማ ምን ይሉኛል?»

«እናጥበዋለን። ከዚያ ሻሽ ታስሪያለሽ። እሷ የሻሽ ውስጥ አታይ!»

ያኔ ፀጉር የሚለሰልሰው በጋለ የነሐስ ማበጠሪያ ነበር። ማበጠሪያው ከሰል ላይ ይግልና ፀጉሩን ከሥሩ ይዞ እስከ ጫፉ ይጎትቱታል። ቅቤ ያለበት ፀጉር ላይ እንደማይደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ግን እኔ ለአማቴ «ዛሬ ቅቤ አልቀባም» የማልል ሙሽራ ነኝ፤ እሷም ከቅዳሜ ሌላ ቀን የላትም። በልብስ ሳሙና አጠበችኝ፤ ደገመችኝ። ፀሐይ ላይ አስቀመጠችኝ። ጫፉ ሲደርቅ እንደ ሐር ተበተነ፤ በጣቷ እያየች «ለቋል!» አለች። እኔ ግን አናቴ ላይ፣ ፀጉሩ በሚበዛበት፣ ቅቤው እንዳለ ይሰማኛል። «ይቅር» ልላት አፌን ከፍቼ ፊቷን በመስታወት አየሁት። ምላሷን በከንፈሯ ይዛ፣ ዓይኗ እንደ ሕፃን ፈጥጦ ነበር። ራሴን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

ጎንና ጎኑ በሰላም አለፈ። አናቴ ላይ ሲደርስ ጭስ ተነሣ። «ጭሱ ያለ ነው፣ አትፍሪ» አለች። ወዲያው የተደበቀው ቅቤ ቀልጦ እንደ መጥበሻ ዘይት ቸስ አለ፤ የማበጠሪያው ጀርባም ቆዳዬ ላይ አረፈ። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስኩ። ብጮህ ማበጠሪያውን ጥላ እንደምትቆም፣ ራሴም በግማሹ ተሠርቶ እንደሚቀር አውቃለሁ። «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። «ጭሱ ዓይኔን ነው» አልኳት። እንባዬ በጉንጬ ላይ ይወርድ ነበር፤ የጭስ እንባ መሰላት።

ከሠራተኛ ሰፈር ማዳም ቤት ድረስ በእግር ነው የሄድነው። ነጠላ እንኳ ራሴ ላይ ጣል ማድረግ አልቻልኩም፤ የጨርቅ ጫፍ ሲነካኝ ያንገበግበኛል። አንገቴን እንደ ችካል ቀጥ አድርጌ፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳልል ተራመድኩ። አንድ ባንኮኒ ላይ የተደገፈ ጎረምሳ «ኧረ ይቺ ልጅ ጥብስ ጥብስ ትሸታለች!» ብሎ ጮኸ። አስካለ ዞር ሳትል «ለአፍንጫህ ይበቃሃል፣ አፍህ አይደርስባትም!» አለችው። ካፌው በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ፤ ስስቅ ቆዳዬ ተሳበና ዓይኔ ጨለመ።

ማዳም መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠችኝና ፀጉሬን በሁለት እጇ አንሥታ ለቀቀችው፤ እንደ ውኃ ወረደ። ጣቶቿ ከጆሮዬ ሥር ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። አስካለ በር ላይ ቆማ ቀሚሷን ጨብጣለች። ወደ አናቴ ሲጠጉ መተንፈስ አቆምኩ። አንድ ጣት ያህል ቢጨምሩ ውኃ የቋጠረውን ቃጠሎ ይነኩታል። ያኔ የደንበኛ መኪና ደጅ ላይ ጥሩንባ ነፋና ማዳም እጇን መለሰች። ለአስካለ «ጎበዝ!» አለቻት በዚያ አማርኛዋ፤ «ሰኞ ና!» አስካለ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ቤት ስንደርስ እማማ ብርቄ ከወትሮው በጊዜ ገብተዋል። ሻሼን ሸብ አድርጌ ነበር። «ቅቤው ጠጣልሽ?» አሉኝ። «ጠጥቷል እማማ።» «እስቲ ልየው፤ ከጠጣ ልጨምርልሽ» ብለው እጃቸውን ወደ ሻሼ ሰደዱ። አስካለ ግድግዳውን ተደግፋለች፤ ፊቷ ላይ ደም የለም። ታደሰ ከሚሠራበት ወርቅ ቤት ገና መግባቱ ነበር፤ ፊቴን አይቶ ምን እንደገባው እንጃ፣ «ተዪያት እማዬ፣ ራሷን አሟታል፤ ትተኛ» ብሎ እጄን ይዞ ወደ ጓዳ አስገባኝ። ሻሹን የፈታው እሱ ነው። ሲያየው መንጋጋው ተንቀሳቀሰ። «ማን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ወደ በሩ ሲዞር እጀ ጠባቡን ያዝኩት። «ከነገርካት ደግማ ማበጠሪያ አትይዝም። እማማ ከሰሙ ሰኞ ገበያ ይዘዋት ይሄዳሉ። አንድ ነገር ነው የምለምንህ፤ አትንገራት።» ከበሩ ተመልሶ አጠገቤ ተቀመጠና «አልነግራትም» አለ። እስከ መጨረሻው አልነገራትም።

ቁስሉ በፋርማሲ ቅባት ዳነ፤ ቆዳው ግን ኮሰመነ፣ ዙሪያው ያለው ፀጉርም ይረግፍ ጀመር። በዚህ ጊዜ ነው ታደሰ የጉሎ ዘይት ይዞ የገባው። የምትሸጥለት እዚያው ሰፈራችን ያለች እትዬ ሩቅያ የምንላት ወሎዬ ነበረች፤ ጉሎውን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ አፍልታ ላይ ላዩን የምታወጣ። መጀመሪያ ሲሄድ «ለማን ነው? ለራሴ እንዳትለኝ፤ ያንተ ፀጉር እንደሆነ ግንባርህን ጥሎ ተሰዷል» አለችኝ ብሎ እየሳቀ ነገረኝ። ወንድ ልጅ የሚስቱን ፀጉር ቀባ ቢባል ሰፈሩ ስም ያወጣለታል፤ የወርቅ ቤቱ ጓደኞቹማ ዕድሜ ልኩን አይለቁትም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እማማ ገበያ ላይ እያሉ፣ መስኮቱን ዘግቶ ነበር የሚቀባኝ። ኋላም የራሳችንን ቤት ስንይዝ መስኮቱን መዝጋት አልተወም፤ ለምዶት ነው መሰለኝ።

አቀባቡ ሥርዓት ነበረው። ዘይቱን በስኒ አድርጎ ሙቅ ውኃ ውስጥ ያስቀምጣል። ሲሞቅ የእጁ አንጓ ላይ ጠብ ያደርግና እፍ ይልበታል፤ ካልተመቸው ይጠብቃል። ከዚያ ግራ እጁን ግንባሬ ላይ ያሳርፋል፤ ራሴ ወድቆ እንዳይሰበር የፈራ ይመስል። በቀኝ አውራ ጣቱ ከጆሮዬ ኋላ ይጀምራል፤ ትንንሽ ክብ እየሠራ፣ ጥፍር ሳያስነካ፣ ወደ ላይ ይወጣል። አናቴ ላይ ሲደርስ በጣት አይነካም፤ በመዳፉ ተረከዝ ጫን ያደርግና «ጎንበስ በይልኝ» ይለኛል። እጁ ቀኑን ሙሉ ቀጭን የወርቅ ክር ሲያጥፍ የዋለ እጅ ነው። «ይህን ማን አስተማረህ?» ስለው «ሩቅያ ናታ» ይለኛል። ጠባሳው ላይ ፀጉር አልበቀለም፤ ዙሪያው ግን ጠነከረ፣ ሸፈነው። ሁለታችን ስንጣላ እንኳ ቅዳሜ አይታለፍም ነበር። ተኮራርፈን ዝም እንደተባባልን ዘይቱን ያሞቃል፤ አናቴ ላይ ሲደርስ «ጎንበስ በይልኝ» ማለት ስላለበት ኩርፊያው እዚያው ላይ ያበቃል።

አስካለ ማዳም ጋ ሠለጠነች፤ ዘመኑም ተለወጠ፣ ማዳምም አገሯ ሄደች፣ አስካለ የራሷን ቤት ከፈተች። ካስክ ያስገባች ጊዜ፣ ያ ራስ ላይ የሚደፋው ማድረቂያ፣ ሰው ለማየት ብቻ በር ላይ ይቆም ነበር። ሁልጊዜ ትጠራኛለች። «ታዴ አይወድም» እላለሁ፤ «ተስያለሁ» እላለሁ፤ «ራሴን አሞኛል» እላለሁ። እኔ በሻሽ ስር ሆኜ የሰው ሁሉ ሚስት በእጇ አለፈች። በራሷ ሠርግ ዋዜማ ዘመዶች ሁሉ ተሰልፈው ሲሠሩ እኔ ወጥ ቤት ተደበቅሁ። መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «እኔኮ ገብቶኛል» አለች፤ ሰዉ ይሰማል፤ «ማዳም ቤት የሄድን ቀን እንደ ንግሥት ነበር የተራመድሽው። የቅቤ ሻጭ ልጅ እጅ ለሙሽራዬ አይመጥንም።» ታደሰ ተነሣ። በዓይኔ ለመንኩት። ተቀመጠ። ያን ዕለት ለእህቱ መልስ ሳይሰጥ መቀመጡ ምን ያህል እንዳስከፈለው ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። እሷ ግን እሱም ከእኔ ጋር ሆኖ የናቃት መሰላት፤ ከዚያ በኋላ ለበዓልና ለለቅሶ ካልሆነ አትመጣም ነበር።

ዓርብ ነው። ጠዋት ወጥቼ የጉሎ ዘይት ገዛሁ። እትዬ ሩቅያ ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ አሁን የሚሸጠው በሱቅ ነው፣ ጠርሙሱ ላይ ቅጠል ተሥሏል። ልቀባ አይደለም፤ ዓመቱ አልሞላም። ብቻ ገዝቼ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ በር ቆልፌ ሻሼን ፈታሁና በሁለት መስታወት አናቴን አየሁ። ዓመት ሙሉ ቅባት ያላየ ፀጉር ተሰባብሮ ሳስቷል፤ ጠባሳው እንደ ዓይን ተገልጦ ያየኛል። በምንም አልሸፍነውም። «ልጅ ሆኜ ቋቁቻ ይዞኝ ነበር» እላለሁ ብዬ ለመስታወቱ ተለማመድኩ። «ወድቄ ነው» ብዬም ሞከርኩ። የፀጉር ሰው እንዲህ ብሎ ይታለላል? ስልኬ ጮኸ፤ አስካለ ናት።

«ቅቤው ተገዝቷል። በአደስ ለውሼዋለሁ፤ እማዬ እንደምታደርገው።»

«አስካልዬ፣ እኔ እንኳ… የዕድር ሴቶች ቢያደርጉትስ ብዬ…»

በስልኩ ውስጥ የመኪና ጥሩንባ ብቻ ይሰማኛል።

«ሙሽራዬ፣ ወንድሜ ሞቷል። እኔም አርጅቻለሁ። ነገ ካላስነካሽኝ ያው አሁኑኑ ንገሪኝና በጊዜ ልቅር።»

«ነይ» አልኳት።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ከቅዳሜ ወዲህ ብዕር አላነሣሁም ነበር።

ቅዳሜ ጸሎቱ አልቆ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ፣ ጥቁሩን አወለቁልኝ። አስካለ ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የቅቤውን ሳህን ይዛ ከኋላዬ ቆመች። ሴቶቹ ዙሪያውን ሞልተውታል። እጇ የሻሼን ቋጠሮ ሲነካ ያዝኳት። «ጓዳ እንግባ፤ አንቺና እኔ ብቻ» አልኳት። ፊቷ ተለወጠ፤ «በእጄ አፍረሽ ነው ከሰው የምትደብቂኝ» የምትል ትመስላለች። አንዲት ጎረቤቴ «ሐፍረት ይዟት ነው፣ ሙሽራ ናት እኮ!» አለችና ሴቶቹ ሳቁ። በዚያ ሳቅ መሐል ገባን። በሩን ዘጋሁ፤ ጀርባዬን ሰጥቻት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ሻሹ ተፈታ። የአስካለ ጣቶች ፀጉሬን ለሁለት ከፈሉ፣ ወደ ላይ መጡ፣ ቆሙ። የተለማመድኩትን ልናገር አፌን ስከፍት በአመልካች ጣቷ የጠባሳውን ጠርዝ ተከተለች። አንዱ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው፤ የማበጠሪያው ጀርባ ያረፈበት። ያንን መስመር ሁለት ጊዜ ሄደችበት።

«ነሐስ ነው» አለች። ድምጿ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነ። «ከእኔ በቀር ሰው ነሐስ አስነክቶሽ ያውቃል?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ጭሱ ዓይኔን ነው አልሽኝ።»

«አዎ።»

«በዚህ ራስሽ ነው ያን ሁሉ መንገድ የሄድሽው? አንገትሽን ቀጥ አድርገሽ… እኔኮ ኩራት መስሎኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ኩራት መስሎኝ!»

ወደ ግድግዳው ዞረች። ከደጅ የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል። ትወጣለች ብዬ ነበር፤ በሩን ከፍታ ዳግም ላትመለስ ትሄዳለች ብዬ። ይልቅ የቅቤውን ሳህን አልጋው ጫፍ ላይ አኖረችና እጇን በነጠላዋ ጠረገች። «ይህ ቆዳ ቅቤ አይወድም» አለች፤ ሥራ ላይ ያለች ሴት ድምፅ ነበር። «ምን ነበር የምትቀቢው?» ወደ ቁም ሣጥኑ ጠቆምኳት። ጠርሙሱን አንሥታ ክዳኑን ፈታች። ዘይቱን ስኒ ውስጥ ጨመረች፤ ከቴርሞሱ ሙቅ ውኃ ቀድታ ስኒውን አስቀመጠችበት። ሲሞቅ የእጇ አንጓ ላይ ጠብ አደረገችና እፍ አለችበት። ግራ እጇ ግንባሬ ላይ አረፈ። የቀኝ አውራ ጣቷ ከጆሮዬ ኋላ ተነሥቶ ትንንሽ ክብ እየሠራ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩት። «ይህን ከማን ተማርሽው?»

«ከማን እማራለሁ፤ የገዛ እጄ ነው። ያስተማርኩትም አንድ ሰው ብቻ ነው» አለች፤ ከዚያ እጇ ቆመ። «ታዴ… ማዳም ጋ እያለሁ መጣ። ‹የአንድ ደንበኛዬ ሚስት ፀጉሯ ተቃጥሎ እየረገፈ ነው፣ ባልየው አፍሮ ነው የላከኝ፤ አቀባቡን አስተምሪኝና አሳየዋለሁ› አለኝ። ይችላል ብዬ አላመንኩም እኮ፣ ሳቅኩበት፤ ወርቅ ሠሪ ምን በወጣው! በማዳም አሻንጉሊት ራስ ላይ አስለማመድኩት። ከተኮራረፍን በኋላ እንኳ፣ ሰላምታ ሳይሰጠኝ፣ በር ላይ ቆሞ ይጠይቀኝ ነበር። ‹ሽበት ሲያወጣ ምን ይደረግ? በብርድ ጊዜስ?› እኔም፣ ‹ያቺ ሴትዮ ምነው እስካሁን አልዳነችም?› እለዋለሁ። ‹ደህና ናት፣ እጅሽ ተስማምቷታል› ይለኛል።»

ሩቅያ ናታ ይለኝ የነበረው ሰው። ሁለታችንንም ዋሽቶ ለእኔ የሰጠውን ቃል ጠብቋል። ዓመት ሙሉ ያላለቀስኩት ለቅሶ ያኔ መጣ፤ እሷም ከኋላዬ ግንባሬን እንደያዘች ታለቅስ ነበር፤ እንባዋ አንገቴ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል።

«ሳይጎድል እመልስልሻለሁ ብዬሽ ነበር» አለች።

«ስትመልሺ ነው የኖርሽው» አልኳት።

በሩ ተንኳኳ። «ኧረ ምነው ዘገያችሁ! ቅቤው ነካ ወይ? ደግሞ ምንድነው የጉሎ ዘይት የሚሸተው?» አለች ጎረቤቴ። አስካለ አፍንጫዋን ሳበችና በጣቷ ጫፍ ከቅቤው ጥቂት አንሥታ የግንባሬን ፀጉር ዳር አስነካችኝ። «ነክቷል! እልል በሉ!» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ዝቅ ብላ፣ «ለአፍንጫዋ ይበቃታል» አለችኝ። ደጅ እልልታው ቀለጠ።

እኛ ግን አልወጣንም። ጣቶቿ ካቆሙበት ቀጠሉ፤ ቀስ እያሉ አናቴ ላይ ደረሱ፤ እዚያ ጣቷን አንሥታ የመዳፏን ተረከዝ አሳረፈችው።

«ጎንበስ በይልኝ» አለችኝ።

ጎንበስ አልኩላት።